የሮበርት ግሪፊን ጉልበት፦ ያን እሁድ ከሜዳ ማን ማስወጣት ነበረበት?

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ

ሰላም ወገን። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ የሦስተኛው ሮበርት ግሪፊን፣ ማለትም ሰው አርጂ ስሪ የሚለው ልጅ፣ ስሙ በተነሳ ቁጥር አንድ መልስ ይመጣል። "ሰውነቱ አይችልም ነበር፤ ዕድል የለውም" ይባልና ወሬው እዚያው ያበቃል። እኔ በዚህ አልስማማም። የተጎዳ ጉልበት ይዞ ሜዳ ላይ እንዲቆይ የወሰኑ ሰዎች ነበሩ። ዕድል ነው ብሎ ማለፍ እነሱን ከተጠያቂነት ማውጣት ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት ላውጋችሁ። ግሪፊን በ1990 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኦኪናዋ፣ ጃፓን ተወለደ። አባቱም እናቱም የአሜሪካ ጦር ሳጅን ነበሩ። ያደገው ቴክሳስ ውስጥ ኮፐራስ ኮቭ በምትባል ከተማ ነው። መሰናክል ሯጭ ነበር። በ2008 በአሜሪካ የኦሊምፒክ ማጣሪያ በ400 ሜትር መሰናክል ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ ገና 18 ዓመቱ ነው። ይህን የመሰለ ፍጥነት ያለው ልጅ ነው የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ የሆነው።

በ2009 የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሲዝኑ በሦስተኛው ጨዋታ አለቀበት። ታክሞ ተመለሰ። በ2011 ለኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት ወሰደ፤ ከቤይለር የመጀመሪያው ነው። ቡድኖች በየተራ ከኮሌጅ ተጫዋች በሚመርጡበት በ2012 ድራፍት ከአንድሩ ላክ ቀጥሎ ሁለተኛ ተመረጠ። ዋሽንግተን፣ ያኔ ሬድስኪንስ የሚባለው የዛሬው ኮማንደርስ፣ ያቺን ሁለተኛ ቦታ ለማግኘት ለሴንት ሉዊስ ራምስ ሦስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ሰጠ።

ከዚያ የሆነውን እዚህ አካባቢ የነበረ ሁሉ ያስታውሳል። የመጀመሪያ ጨዋታውን ኒው ኦርሊንስ ሄዶ 40 ለ 32 አሸነፈ። ኦክቶበር ላይ ሚኒሶታን 76 ያርድ ሮጦ አስቆጠረባቸው፤ የደረሰበት አልነበረም። በሲዝኑ 3,200 ያርድ ወረወረ፣ 20 ተችዳውን (የዚህ ጨዋታ ጎል በሉት) አቀበለ፣ የተጠለፈበት ኳስ 5 ብቻ ነው። በእግሩ ደግሞ 815 ያርድ ሮጠ፤ ለጀማሪ ኳርተርባክ ሪከርድ ነበር። 3 አሸንፎ 6 የተሸነፈ ቡድን ሰባት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈና ምድቡን ወሰደ። ከ1999 በኋላ የመጀመሪያው ነበር።

ጉዳቱ ግን በመሃል ጀምሯል። ኦክቶበር 7 ከአትላንታ ጋር ጭንቅላቱን ተመትቶ ወጣ። ዲሴምበር 9 ከባልቲሞር ጋር ሃሎቲ ንጋታ የሚባል ግዙፍ ተከላካይ መታውና የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተጎዳ። አንድ ጨዋታ አረፈ። ሲመለስ ጉልበቱ ላይ ትልቅ ድጋፍ ታስሮለት ነበር። ሩጫውም እንደ ድሮው አልነበረም።

ከዚያ ጃንዋሪ 6, 2013 መጣ። ፕሌይኦፍ (የተሸነፈ የሚሰናበትበት ዙር)፣ ከሲያትል ጋር፣ ላንዶቨር ሜሪላንድ። የመጀመሪያው ሩብ ሳያልቅ 14 ለ 0 መሩ። ሁለተኛውን ተችዳውን ሊያገኙ ጥቂት ሲቀራቸው ግሪፊን ወደ ቀኝ እየሮጠ ሲወረውር ጉልበቱ ከዳው። ሁላችንም በቲቪ አየነው። ማነከስ ጀመረ። አላስወጡትም። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ሩብ እያነከሰ ተጫወተ። አራተኛው ላይ የተበላሸች ኳስ ሊይዝ ሲዞር እግሩ ተጣጠፈና ወደቀ። 24 ለ 14 ተሸነፉ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ያን ቀን እሱን ማስወጣት የማን ሥራ ነበር? የአሰልጣኙ የማይክ ሻናሃን? የሐኪሞቹ? የራሱ?

ቦሌ_ልጅ

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ጨዋታውን የምከታተለው በዩቲዩብ ነው፤ ገና እየገባኝ ነው። ኳርተርባክ ኳስ የሚወረውረውና ጥቃቱን የሚመራው ሰው ነው አይደል? ታዲያ ይህን ያህል ለምን ይሮጣል? ደግሞ በእኛ እግር ኳስ ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች አይመለስም። ለዚህ ነው አሰልጣኝ የሚያመነታው። እዚያ ግን ወጥቶ መመለስ ይቻላል ይባላል። እንደዚያ ከሆነ አስወጥቶ በደንብ ማየት ምን ያስቸግር ነበር?

ቁጥር_ወዳድ

ቦሌ_ልጅ፣ ጥያቄህ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። የፈለገውን ያህል ወጥቶ መግባት ይችላል። ተቀያሪም አልጠፋም። ከርክ ከዝንስ በዚያው ድራፍት በአራተኛ ዙር ተመርጦ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ባልቲሞር ጊዜ ገብቶ ቡድኑን አድኗል፤ በተጨማሪ ሰዓት 31 ለ 28 አሸነፉ። በሳምንቱ ክሊቭላንድን 38 ለ 21 የረታው እሱ ነው። ሰላም ከቆጠረችው ሰባት ድል አንዱ የከዝንስ ነው ማለት ነው።

ለምን ይሮጣል ላልከው፣ የቡድኑ አጨዋወት በሩጫው ላይ የተሠራ ነበር። የጥቃቱ አሰልጣኝ የዋናው አሰልጣኝ ልጅ ካይል ሻናሃን ነበር። ግሪፊን ኳሱን ለአልፍሬድ ሞሪስ የሚሰጥ ይመስላል። ዳር ላይ የቆመውን ተከላካይ ያየዋል። ተከላካዩ ወደ ሞሪስ ከሮጠ ኳሱን ራሱ ይዞ በባዶው በኩል ያመልጣል። ቆሞ ከጠበቀ ለሞሪስ ይለቅለታል። ተከላካዩ ምንም ቢመርጥ ይሸወዳል። ስድስተኛ ዙር ላይ የተመረጠው ሞሪስ በዚያ ዓመት 1,613 ያርድ የሮጠው በዚህ ነው።

አሁን ግሪፊን መሮጥ አይችልም እንበል። ተከላካዩ እሱን መፍራት ያቆማል። ሞሪስም ይያዛል፣ ረጅሙ ውርወራም ይዘጋል። ስለዚህ "ግማሽ ግሪፊን ከሙሉ ከዝንስ ይሻላል" የሚለው ክርክር በጨዋታ ስሌትም አያስኬድም።

ቤቲ_ፊዚዮ

እኔ ሙያዬ የአካል ሕክምና ነው። ጉልበታቸው የተቀደደ ወጣቶችን በየቀኑ አያለሁ። ስለ ግሪፊን ጉልበት በይፋ ከተነገረው ልነሳ።

ጉልበት አራት ዋና ጅማቶች አሉት። ዲሴምበር ላይ የተጎዳው በውጭ በኩል ያለው ነው፤ ጉልበት ወደ ጎን እንዳይከፈት ይይዛል። ኤሲኤል የሚባለው መሃል ላይ ነው፤ የታችኛው አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና እንዳይጠመዘዝ ይይዛል። የግሪፊን የቀኝ ኤሲኤል በ2009 ተበጥሶ በቀዶ ሕክምና የተተካ ነው። ይህን አስቡት። የውጪው ጅማት ሲላላ ጫናው ቀድሞ በተተካው ጅማት ላይ ይወርዳል። ድጋፉም ቢታሰር፣ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ ድንገት የሚቆምን ሰው ጉልበት ሙሉ በሙሉ አያስጥልም።

ሲያትል ላይ ሁለቱም ተቀደዱ። ጃንዋሪ 9 ዶክተር ጄምስ አንድሩስ ፍሎሪዳ ውስጥ ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። የውጪውን ጠገኑ፣ ኤሲኤሉን ለሁለተኛ ጊዜ ተኩ። መተኪያውን የወሰዱት ከጤነኛው የግራ ጉልበቱ ነው። ከአንዱ ጋቢ ቀዶ ሌላውን መጣፍ በሉት። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሚያገግመው አንድ ጉልበት ሳይሆን ሁለት ነው። ለሁለተኛ ጊዜ የሚተካ ኤሲኤል ደግሞ እንደ መጀመሪያው ጥሩ ውጤት አያመጣም። ይህ በሙያችን የታወቀ ነው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ግን የሚቀጥለው ነው። ሴፕቴምበር 9, 2013 ከፊላደልፊያ ጋር ተሰለፈ። ልክ ስምንት ወር። አዲዳስ "ለመጀመሪያው ሳምንት ዝግጁ ነኝ" የሚል መንፈስ ያለው ትልቅ ማስታወቂያ ሠርቶበት ነበር። ከ9 ወር በፊት መመለስ ዳግም የመጎዳት አደጋን እንደሚጨምር ዛሬ ጥናቶች በግልጽ አሳይተዋል። ጅማቱ ባይበጠስም እንኳ ጡንቻው፣ ሚዛኑ፣ በእግሩ ላይ ያለው እምነት ገና አልተመለሰም። ኳርተርባክ የሚወረውረው በእጁ ብቻ አይደለም፤ ኃይሉ የሚነሳው ከእግር ነው። የ2013ን ጨዋታዎች መልሳችሁ እዩ። የኋላ እግሩን አያምነውም። ኳሶቹ ከፍ ይሉበታል።

ሲያትል_አቤል

እኔ የሲያትል ደጋፊ ነኝ። ያን ቀን ያሸነፍነው እኛ ነን። ግን ደስ ብሎኝ አላየሁትም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሜዳው። ሳሩ አልቆ አፈርና አሸዋ ነበር የሚታየው። በዚያው ጨዋታ የእኛው ክሪስ ክሌመንስ ኤሲኤሉ ተበጠሰ። ከምርጥ ተከላካዮቻችን አንዱ ነበር። ሰው የሚያወራው ስለ ግሪፊን ብቻ ነው፤ አንድ ሜዳ ላይ በአንድ ከሰዓት ሁለት ሰው ኤሲኤሉን አጥቷል። ጃንዋሪ ላይ ሳር አይበቅልም ማለት መልስ አይሆንም። በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለው ተጫዋች ላዩ ላይ ይሮጥበታል።

ሁለተኛ፣ ከሁለተኛው ሩብ ጀምሮ የእኛ ልጆች ግሪፊን እንደማይሮጥ ገባቸው። ቁጥር_ወዳድ ያለው በዓይናችን ፊት ሆነ። 14 ለ 0 ከተመራን በኋላ አንድም ነጥብ አላስቆጠሩብንም። እኛ 24 አገባን። ማርሻውን ሊንች 132 ያርድ ሮጠ። ግሪፊን ቀኑን ሙሉ ከ19 ውርወራ 10 አሳክቶ 84 ያርድ ብቻ ነው ያገኘው። እሱን ለማስቆም ምንም የተለየ ነገር አላደረግንም። ቆሞ ነበር።

ሁለቱም ጀማሪዎች መሆናቸውን አትርሱ። ራስል ዊልሰን በዚያው 2012 ድራፍት በሦስተኛ ዙር የተመረጠ ነው። እሱም ይሮጣል። ግን ከመመታቱ በፊት ይንሸራተታል ወይም ከመስመር ይወጣል።

ዳላስ_ኮከብ

እኔ የዳላስ ካውቦይስ ደጋፊ ነኝ፤ በ2012 የምስጋና ቀን ቴክሳስ መጥቶ አራት ተችዳውን አቀብሎ 38 ለ 31 ሲረታን አይቻለሁ። ልጁ ተአምር ነበር። ይህን የምለው ጠልቼው እንዳይመስላችሁ ነው።

ግን ሁሉን ነገር ሻናሃን ላይ መጫን ልክ አይደለም። አቤል ያነሳው ነገር ወሳኝ ነው። በኤንኤፍኤል፣ በሊጉ፣ ሕግ ኳርተርባክ እግሩን አስቀድሞ ከተንሸራተተ ማንም ሊመታው አይችልም። ግሪፊን ይህን አልለመደም። ኮሌጅ ሳለ ከሁሉም ይፈጥን ስለነበር አላስፈለገውም። እዚህ ግን 150 ኪሎ ሆኖ የሚሮጥ ሰው አለ። አትላንታ ላይም ባልቲሞር ላይም የተመታው እየሮጠ ነው።

ሌላው፣ ራሱ እምቢ ብሏል። ሻናሃን ከጨዋታው በኋላ እንደተናገረው፣ ግሪፊን "ያመኛል እንጂ አልተጎዳሁም፣ ልጫወት" ብሎታል። አዋቂ ሰው ነው። ስለ ገዛ አካሉ የተናገረውን ማመን ጥፋት ነው?

ደግሞ ከጉልበቱ በኋላ ያለውንም እንይ። በ2014 አዲሱ አሰልጣኝ ጄይ ግሩደን ታምፓ ቤይ ካሸነፋቸው በኋላ የእግር አጣጣሉን በአደባባይ ተችቷል። ኳሱን ቶሎ አይለቅም፣ ሁለተኛና ሦስተኛ አማራጭ አያይም ነበር። ይህ የጉልበት ጉዳይ አይደለም።

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ

ዳላስ_ኮከብ፣ በአክብሮት ነው የምመልስልህ፤ ያነሳኸው ጠንካራ ነጥብ ነው።

ግሪፊን ያኔ 22 ዓመቱ ነው። ከተማው በሙሉ በስሙ ይምላል። ቡድኑ ለእሱ ብሎ የሦስት ዓመት ምርጫ ከፍሏል። ፕሌይኦፍ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ "አስወጡኝ" ይላል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ሁሉም ተጫዋች "እችላለሁ" ይላል፤ ለዚህ ነው የሚቀጠረው። ውሳኔው ከእሱ እጅ መውጣት ያለበትም ለዚህ ነው። አሰልጣኝ የሚያየው በጆሮው አይደለም። 80 ሺህ ሰው እያነከሰ አይቶታል።

ስለ ሐኪሞቹም የማይረሳ ነገር አለ። ባልቲሞር ላይ ከተመታ በኋላ፣ እዚያው ጨዋታ ውስጥ፣ አንድ የኳስ ሙከራ ብቻ ዘልሎ ወደ ሜዳ ተመለሰ። በአንድ እግሩ እየዘለለ ጥቂት ኳስ ተጫወተና እንደገና ወጣ። ሻናሃን "ዶክተር አንድሩስ ፈቅዶልኛል" አለ። አንድሩስ ግን ልጁ ሳይመረመር ሮጦ እንደተመለሰ ለዩኤስኤ ቱዴይ ተናገረ። ጽሑፉ የወጣው መቼ ይመስላችኋል? ጃንዋሪ 6፣ የሲያትል ጨዋታ ዕለት ጠዋት። ማለትም ያ ከሰዓት ሲመጣ በአሰልጣኙና በሐኪሙ መካከል ማን ምን እንዳለ በአደባባይ ጥያቄ ተነስቶበት ነበር። እንዲያም ሆኖ ያው ነገር ተደገመ።

አትላንታ ጊዜም እንዲሁ ነው። የጭንቅላት ጉዳት እንደደረሰበት ወዲያው በትክክል አላሳወቁም ተብሎ ሊጉ ቡድኑን 20,000 ዶላር ቀጥቷል። የአንድ ቀን ስህተት ቢሆን ዝም እል ነበር። በአንድ ሲዝን ሦስት ጊዜ ነው።

የድሮ_ሾፌር

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። እኔ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው ዲሲ የገባሁት፤ ታክሲ ነድቼ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ይህን ጨዋታ ያስተማሩኝ ተሳፋሪዎቼ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ዋሽንግተን ካሸነፈ ጉርሻው ይጨምራል፣ ከተሸነፈ ሰው ሁሉ ያኮርፋል።

የጃንዋሪ 6ቱን ጨዋታ አስታውሳለሁ፤ የገና ዋዜማ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት ቤቱ ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ያይ ነበር። ልጁ ሲያነክስ "አውጡት" ያለ ሰው በቤታችን አልነበረም። "አይዞህ" ነበር የምንለው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ይህ ከተማ ዳግ ዊሊያምስን አይቷል። ጃንዋሪ 31, 1988፣ ሱፐር ቦውል፣ የሊጉ ፍጻሜ። ዊሊያምስ የሱፐር ቦውል ጨዋታ የጀመረ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ዴንቨር 10 ለ 0 እየመራ ጉልበቱ ተጠመዘዘ። ወጣ። ሁሉም አለቀለት አለ። ተመለሰና በሁለተኛው ሩብ ብቻ አራት ተችዳውን አቀበለ፤ ቡድኑ በዚያ ሩብ 35 ነጥብ አገባ። 42 ለ 10 አሸነፈ። በዚያ ሌሊት ጆርጂያ አቬኑ ላይ የነበረውን ሰው እስከምሞት አልረሳውም። በ2012 ጥቁር ኳርተርባክ፣ ያውም የተማረ፣ ትሑት፣ እንደ ነፋስ የሚሮጥ ልጅ ሲመጣ ሰዉ ዊሊያምስ የተመለሰ ነው የመሰለው። ጉልበቱን ይዞ ሲያነክስም "ይሄም ተነስቶ ያሸንፋል" ብለን ነው ያየነው። አሰልጣኙ ብቻውን አልነበረም፤ እኛም ሁላችን ውስጡ ነበርን።

ከዚያም ቀደም ብሎ የቡድናችንን ኳርተርባክ የጆ ታይስማንን ጉዳት አይቻለሁ። ኖቬምበር 18, 1985፣ አርኤፍኬ ስታዲየም፣ ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ጋር። የጃያንትሱ ሎውረንስ ቴይለር ሲወድቅበት የቀኝ እግሩ ተሰበረ። ያን የመሰለ ነገር በቴሌቪዥን ታይቶ አያውቅም። ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። ጨዋታውን ዋሽንግተን 23 ለ 21 አሸንፏል። ልክ በ33 ዓመቱ፣ ኖቬምበር 18, 2018፣ የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ አሌክስ ስሚዝ ከሂውስተን ጋር ሲጫወት ያው ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ያን ጊዜ 23 ለ 21 የተሸነፈው ዋሽንግተን ነው። ታይስማን ራሱ ስታዲየም ውስጥ ነበር።

ቤቲ_ፊዚዮ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዊሊያምስን ነገር ማንሳትዎ በጣም ጠቅሞኛል። አንድ ልዩነት ብቻ ልጨምርልዎት። የዊሊያምስ ጉልበት ከልክ በላይ ተዘረጋ እንጂ አስቀድሞ ተቀዶ የተተካ ጅማት አልነበረም። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሁለቱም ማነከስ ነው። ለዚህ ነው ተመልካች፣ አሰልጣኝም ቢሆን፣ በዓይኑ መፍረድ የሌለበት።

አሌክስ ስሚዝን ካነሱት ላይቀር፣ እሱ በሙያችን ትምህርት ነው። ሁለቱም የታችኛው እግር አጥንቶች ተሰብረው ቆዳውን ቀደዱ። ከዚያ ቁስሉ መረቀዘ፤ ሥጋ የሚበላ ኢንፌክሽን ገባው፤ ደሙ ተመረዘ። እግሩን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም ሊያጣ ነበር። 17 ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ማገገሚያውን ያገኘው ሳን አንቶኒዮ ውስጥ በጦርነት የቆሰሉ ወታደሮች የሚታከሙበት ማዕከል ጭምር ነው። ኦክቶበር 11, 2020 ከራምስ ጋር ሲገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው። በዚያ ሲዝን ስድስት ጨዋታ ጀምሮ አምስቱን አሸነፈ፤ ከጉዳት የተመለሰ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ፤ በ2021 በክብር ጫማውን ሰቀለ።

ልዩነቱ ጊዜ ነው። ስሚዝን ማንም "ለመጀመሪያው ሳምንት ድረስ" አላለውም። ግሪፊን የእሱን ግማሽ ጊዜ እንኳ አላገኘም።

ቁጥር_ወዳድ

ከ2013 በኋላ ያለውን ልሙላ፣ ምክንያቱም ሰው የሚያስታውሰው እስከ ጉልበቱ ድረስ ነው።

በ2013 ግሪፊን 13 ጨዋታ ጀምሮ 3 አሸነፈ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ከዝንስ ተጫወተ። ሲዝኑ በ3 ድልና በ13 ሽንፈት አለቀና ሻናሃን ተባረረ። በ2014 በሁለተኛው ሳምንት ከጃክሰንቪል ጋር የግራ ቁርጭምጭሚቱ ወለቀ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ራምስ ላንዶቨር መጡ። ለግሪፊን በተከፈሉት ምርጫዎች ያገኟቸውን ተጫዋቾች ካፒቴን አድርገው ወደ ሳንቲም ዕጣው ላኳቸው፤ ከዚያ 24 ለ 0 አሸነፉ። ልጁ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህን ማድረግ ለእኔ ጭካኔ ነው።

2015 ከሁሉም የከፋው ነው። በዝግጅት ጨዋታ ከዲትሮይት ጋር ደጋግመው ጣሉት፤ ጭንቅላቱ ተጎዳ። ከዝንስ ተተካ። ግሪፊን ሙሉ ሲዝኑን አንዲትም ጨዋታ አልገባም። እዚህ ላይ ገንዘብ አለበት። ለ2016 ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን የውል አማራጭ ነበረው፤ ክፍያው የሚጸናው ከባድ ጉዳት ከደረሰበት ነው። ሜዳ ገብቶ ቢጎዳ ቡድኑ መክፈል ሊኖርበት ነው። በ2013 ስለ ጉልበቱ ያልተጠነቀቀ ቡድን በ2015 አንድ ጭረት እንዳይነካው ጠበቀው።

በ2016 ክሊቭላንድ ወሰደው። በመጀመሪያው ጨዋታ የግራ ትከሻው አጥንት ተሰበረ። ዲሴምበር ተመልሶ በገና ዋዜማቸው ሳን ዲዬጎን 20 ለ 17 ረታ፤ ቡድኑ በዚያ ዓመት ያገኘው ብቸኛ ድል ነው። በ2017 የወሰደው የለም። ከ2018 እስከ 2020 ባልቲሞር ላይ የላማር ጃክሰን ተቀያሪ ሆነ። በአጠቃላይ 42 ጨዋታ ጀመረ፤ 16 አሸነፈ፣ 26 ተሸነፈ። ከ16ቱ ዘጠኙ የ2012 ናቸው።

ዳላስ_ኮከብ

ሰላም፣ ሦስቱን አጋጣሚ አንድ ላይ ስትደረድሪው ከብዶኛል። ያኛውን የ20,000 ዶላር ቅጣት አላውቅም ነበር። አሁንም ግን መንሸራተት አለመልመዱን ከሂሳቡ አላወጣውም። ላማር ጃክሰን ከእሱ በላይ ይሮጣል፤ ግን ሙሉ ምት አይቀበልም። የሚገርመው ደግሞ ግሪፊን ባልቲሞር ላይ ሲቀመጥ ለእሱ ታስቦ ሊሠራ ይችል የነበረው አጨዋወት ሌላ ልጅ ላይ ሲያብብ አየ። በ2019 ባልቲሞር 14 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ።

ቦሌ_ልጅ

ብዙ ተማርኩ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ? አሁን ያው ነገር ቢደርስ ተጫዋቹን የሚያስወጣው ማነው?

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ

ለጭንቅላት ጉዳት ተለውጧል። ከ2013 ጀምሮ በየጨዋታው ከቡድኑ ያልተቀጠረ የነርቭ ሐኪም መስመር ላይ ይቆማል። አሰልጣኙ ቢቆጣም፣ ተጫዋቹ ቢለምንም፣ ካልተመረመረ አይመለስም። ለጉልበት ግን እንዲህ ያለ ገለልተኛ ሐኪም የለም። የሚወስነው የቡድኑ ሐኪም፣ አሰልጣኙና ተጫዋቹ እንደ ድሮው ናቸው።

የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ጄደን ዳንኤልስንም ያየነው እንዲሁ ነው። እሱም የሃይዝማን አሸናፊ፣ እሱም ሁለተኛ ተመራጭ። በ2024 በ891 ያርድ የግሪፊንን የጀማሪ ኳርተርባክ የሩጫ ሪከርድ ሰበረ። በ2025 ጉልበቱን፣ ከዚያ የኋላ ጭኑን ጡንቻ ተጎዳ። ኖቬምበር 2 ያው ሲያትል ያው ላንዶቨር መጣ። 38 ለ 14 በተሸነፉበት ጨዋታ፣ ነገሩ ካበቃለት በኋላ በአራተኛው ሩብ፣ ዳንኤልስ አሁንም ሜዳ ላይ ነበር፤ የግራ ክርኑ ወለቀ። አሰልጣኙ ዳን ክዊን ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ በግልጽ ወሰደ። ይህን አከብርለታለሁ። በ2013 እንዲህ ብሎ የወጣ ሰው አልሰማሁም።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ለጭንቅላት የተደረገው ለጉልበትም ይደረግ። አንድ ገለልተኛ የአጥንት ሐኪም። አንድ ጊዜ ያነከሰ ተጫዋች እሱ ሳያየው አይግባ። ተቀያሪ ያለገደብ በሚፈቀድበት ጨዋታ አስር ደቂቃ ማጣት ሲዝን ከማጣት ይሻላል።

እናት_አሌክሳንድሪያ

ይቅርታ ጨዋታችሁን አቋረጥኩ። ልጄ ቨርጂኒያ ውስጥ ሃይስኩል ይጫወታል። ባለፈው ሳምንት ጉልበቱ ተጠመዘዘ፤ አበጠ። አሁን እብጠቱ ቀንሷል፤ "ደህና ነኝ፣ አርብ ጨዋታ አለ" እያለ ነው። አሰልጣኙም ልጁ ደህና ነኝ ካለ ችግር የለውም ብሎኛል። ስለ ጭንቅላት ፎርም ፈርሜያለሁ፤ ስለ ጉልበት ግን የሰጡኝ ወረቀት የለም። ምን ላድርግ?

ቤቲ_ፊዚዮ

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ስለ ጭንቅላት ሕግ አለ፤ ሐኪም ወይም ፈቃድ ያለው ባለሙያ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ልጁን አይመልሱትም። ስለ ጉልበት ውሳኔው አንቺ ላይ ነው።

ሲጠመዘዝ "ቋ" የሚል ድምፅ ሰምቶ እንደሆነ ጠይቂው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ አብጦ ከነበረ፣ ወይም ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ የሚከዳው ከመሰለው፣ ኤሲኤል ሊሆን ይችላል። እብጠት ቀነሰ ማለት ጅማቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። የአጥንት ሐኪም በእጁ ፈትሾ ኤምአርአይ ያስፈልግ እንደሆነ ይወስናል። ያ እስኪሆን ሩጫም ዝላይም ይቅር። ሐኪሙ ደህና ነው ቢልም በተጎዳው እግር ብቻ ሲዘልል ከጤነኛው ጋር እኩል መድረሱ ይለካ። እኛ ከጤነኛው 90 በመቶ ካልደረሰ አንለቅም። ትምህርት ቤቱ የስፖርት ሕክምና ባለሙያ ካለው ከአሰልጣኙ ይልቅ እሱን አነጋግሪ።

ልጁ እንደሚቆጣሽ አውቃለሁ። ይቆጣ።

እናት_አሌክሳንድሪያ

ድምፅ ሰምቻለሁ ብሎኛል አሁን ስጠይቀው። አርብ አይጫወትም። ለአሰልጣኙ ጻፍኩለት፤ ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይዤው እሄዳለሁ። ውጤቱን እነግራችኋለሁ።